በአንድ ጀሪካን ውኃ አንድ መደብ ጎመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከእሑድ ትምህርት በኋላ በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ በየቤታችን ምን እንደሚበላ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። የሁላችንም መልስ ሽሮ ሆነ። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞም ሽሮ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ሽሮን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያሳደገን እርሱ ነው። ነገር ግን የምንኖረው በሸዋ ሮቢት ነው። ሮቢ ወንዝ በአጠገባችን ይፈሳል፤ በመስኖ የለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በጭነት መኪና እየተጫነ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ አበባ ሲጓዝ በዓይናችን እናያለን። እናቶቻችን ግን ለአንድ እስር ጎመን ቦርሳቸውን ደጋግመው ይፈታሉ። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ የቅጠሉ ዋጋ ይወጣል፤ ደመወዝተኛው ቤት እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ገዝቶ ዝም ይላል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ጓሮ አትክልት፣ ያውም በጥቂት ገንዘብ ወይም ያለ ገንዘብ ስለሚሠራው፣ የተማርነውን ለማካፈል አስበናል።

ይህን የምንጽፈው ግን እንደ አዋቂ ሆነን አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት በግቢው ውስጥ በተፈቀደልን ቦታ ላይ፣ ከትንሣኤ በኋላ በሚያዝያ ወር፣ ስድስት ከፍ ከፍ ያሉ መደቦች ሠርተን ሰላጣና ቲማቲም ተከልንባቸው። የመደቡን አሠራር የወሰድነው ለደጋ አገር ከተዘጋጀ ጽሑፍ ነበር። ግንቦት ሲጋመስ ሰላጣው ቅጠሉን ሳያሰፋ አገዳ አውጥቶ መረረ። ቲማቲሙ አበባውን አረገፈ። ውኃ ለመቅዳት ተራ የገባነው ወጣቶችም አንድ በአንድ ቀረን፤ ሰኔ ሲገባ ቦታው የፍየል መተላለፊያ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ «ይህ አፈር ሳይረገም አይቀርም» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። አፈሩ ግን ምንም አልሆነም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ወቅቱን፣ የመደቡን ቅርጽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውኃውን ሂሳብ።

እስቲ ከሂሳቡ እንጀምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በዚህ ሙቀት አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በደረቁ ወራት በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ መደብ 4 ካሬ ሜትር ነው፤ 4 ጊዜ 5 ደግሞ 20 ሊትር፣ ይኸውም አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። እኛ ስድስት መደብ ስንሠራ በየቀኑ ስድስት ጀሪካን ለመሸከም ቃል መግባታችን እንደሆነ አላስተዋልንም። ብዙ ሰው ጓሮ አትክልት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መሬት አለኝ ወይ?» ብሎ ነው። በእኛ አገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «በየቀኑ ያለማቋረጥ ስንት ጀሪካን ልሰጠው እችላለሁ?» ተብሎ ነው። መልሱ አንድ ከሆነ አንድ መደብ፣ ግማሽ ከሆነም ግማሽ መደብ መሥራት ነው። መሬቱ ሰፊ ሆኖ ውኃው አንድ ጀሪካን ከሆነ የተረፈውን መሬት ዝም ብሎ መተው ይሻላል።

ያ ጀሪካን ደግሞ ሁሉ ከቧንቧ የሚቀዳ ንጹሕ ውኃ መሆን የለበትም። በየቤታችን እጅ የታጠበበት፣ ጤፍና ምስር የታጠበበት፣ አትክልት የተለቀለቀበት ውኃ በየቀኑ በር ላይ ይደፋል። እርሱን በአንድ ባልዲ ማጠራቀም ነው። ዕቃ የታጠበበት ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ሳሙናና ቅባት የበዛበትን ደፍተን ሁለተኛውን እጣቢ እንወስዳለን። ልብስ የታጠበበትን ግን ለአበባና ለዛፍ እንጂ ለምንበላው ቅጠል አናጠጣም። እጣቢም ቢሆን ከሥሩ ይፈስሳል እንጂ ቅጠሉ ላይ አይረጭም። ማጠጫውን ለመግዛት ገንዘብ አታውጡ፤ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሥሩን በቀጭን ምስማር መብሳት ይበቃል። የሚጠጣበት ሰዓት ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በቀትር የሚጠጣው እኩሌታው ለሰማይ ነው።

ሁለተኛው የመደቡ ቅርጽ ነው። ከወደቅንበት ያነሡን በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሥራ ያረጁ አንድ አባት ናቸው። የተተወውን መደባችንን አይተው ሳቁና «ልጆቼ፣ መሬቱን እንደ ሳሕን አድርጋችሁ ሥሩት እንጂ እንደ እንቅብ ለምን ትደፉታላችሁ?» አሉን። ነገሩ ግልጽ ነበር። ከፍ ያለ መደብ ዝናብ ለሚበዛበት አገር ውኃውን ለማሳለፍ የተፈጠረ ነው። በእኛ በጋ ግን ከአራት ጎኑ ንፋስና ፀሐይ እየመቱት ውኃውን ያጣል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የምንሠራው ጎድጓዳ መደብ ነው። አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረን እናላላለን፤ ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ ለየካሬ ሜትሩ እንቀላቅልበታለን፤ ከዚያም የመደቡ ገጽ ከመተላለፊያው በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አስተካክለን የተረፈውን አፈር በዙሪያው እንደ ከንፈር እናደርገዋለን። የፈሰሰችው ውኃ ሁሉ እዚያው ትቀራለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን ይህንኑ መደብ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ጎድጓዳው ኩሬ ሆኖ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ወርዱ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ የምንለውም ከግራና ከቀኝ ቁጭ ብሎ በእጅ ለመድረስ እንዲቻል ነው፤ አንድ ጊዜ የላላ አፈር በእግር አይረገጥም።

ችግኙ ከጠና በኋላ መሬቱን በጭድ ወይም በተሰባበረ የማሽላ አገዳ ሁለት ጣት ያህል ማልበስ ውኃውን ይቆጥባል። ምስጥ ባለበት ግቢ ግን ጭዱ ከግንዱ እንዳይነካ ራቅ አድርጉት፤ ምስጡ ከጭዱ ወደ ችግኙ ይሻገራልና። አዲስ የተተከለ ችግኝም የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ጥላ አይችለውም። አራት እንጨት ተክሎ በላዩ የማሽላ አገዳ መጋደም በቂው ነው።

ሦስተኛው ወቅት ነው፤ በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ከማናቸውም የእርሻ መጽሐፍ ይልቅ ረዳን። የቤቱ ፍላጎት የሚበረታው በጾም ስለሆነ ከጾሙ መግቢያ ወደ ኋላ ቆጥሮ መዝራት ነው። ቆስጣ ከተዘራ በ60 ቀን ገደማ የመጀመሪያውን ቅጠል ይሰጣል። የዐቢይ ጾም መግቢያ በባሕረ ሐሳብ ስሌት በየዓመቱ ቢለዋወጥም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም ዘግይቶ አይገባም። እንግዲህ የዓመቱ ጾም የካቲት 15 ቀን የሚገባ ቢሆን ቆስጣውን ታኅሣሥ 15 ቀን መዝራት ነው። ያ ወር ለእኛ ቆላ የዓመቱ ቀዝቃዛ ጊዜ ስለሆነ ቅጠል ሁሉ የሚወድደው ወር ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሦስት መስመር ሲተከል አንዱ መደብ 40 ሥር ያህል ይይዛል። ሲቆረጥ የውጭውን ቅጠል ብቻ እያነሡ፣ ከመካከል አምስት ያህል ቅጠል እያስቀሩ ነው፤ እንዲህ ከሆነ 55ቱንም ቀን እየተፈራረቀ ያበላል። ከሥሩ የነቀለው ግን አንድ ጊዜ በልቶ ጨረሰ። ለጾመ ነቢያት፣ ኅዳር 15 ለሚገባው፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፤ ለፍልሰታ ደግሞ ሰኔ መጀመሪያ ላይ መዝራት ነው። የፍልሰታው ዝናብ ከያዘ ጀሪካኑን ራሱ ይሸከምልናል።

ምን እንትከል? የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ቀዳሚ ናቸው። ቀጥሎ ቃሪያ፤ አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለወራት ያፈራል፤ ችግኙ ግን በመደብ ላይ አንድ ወር ተኩል ያህል መቆየት ስለሚፈልግ ቀደም ብሎ ይዘራል። ዱባ ከመደቡ ውጭ በአጥር ሥር አንድ ጉድጓድ ፍግ ከተሰጠው ራሱን ችሎ ይሄዳል። ፓፓያም ለቆላ የተፈጠረ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው ሊያፈራ ይችላል፤ ወንድና ሴት ስላለው ግን በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክሎ ሲያብቡ መለየት ነው። ካሮትና ጥቅል ጎመን ከደብረ ሲና በላይ ካለው ብርድ ይምጡልን፤ ከጣርማበር ጋር መፎካከር አያስፈልገንም።

ሽንኩርትን በተመለከተ በመካከላችን ክርክር ነበር። የአንዳንዶቻችን አሳብ «ሸዋ ሮቢት ሆኖ ሽንኩርት ሳይተክሉ!» የሚል ነው። እኛ ግን በአንድ ጀሪካን መደብ ላይ ሽንኩርት አትትከሉ እንላለን። ከዘር እስከ ራስ አምስት ወር ያህል መደቡን ይዞ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም የሚነቀለው ከወንዝ ዳሩ እርሻ ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ፣ ዋጋው በወደቀበት ሳምንት ነው። ይልቅ በቤት የበቀለውን ሽንኩርት በመደቡ ጠርዝ ቀብሮ ቅጠሉን እየቆረጡ ለወጥ መጠቀም ይቻላል። ቲማቲምም ቢሆን ከሁለት ሦስት ሥር አይበልጥ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ቅጠል ሰርሳሪ ትል ያለ መድኃኒት ማምረቱን አስቸጋሪ አድርጎታል። አካባቢያችን ለረጅም ዘመን በትምባሆ እርሻ የታወቀ ስለሆነ አንድ ነገር እንጨምር፤ ትምባሆን የሚያጠቃው ቫይረስ በእጅ ተይዞ ወደ ቲማቲምና ቃሪያ ይተላለፋል። ትምባሆ የነካ ወይም ሲጋራ ያጨሰ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ችግኝ አይንካ።

ለሌላው ተባይ ኒም ዛፍ አለን። ሁለት እፍኝ ቅጠሉን ወቅጦ በ5 ሊትር ውኃ አሳድሮ፣ አጥልሎ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ በምሽት መርጨት የቅጠል ቅማልን ይቀንሳል። ቅጠሉ ሲበላ ግን ደኅና አድርጎ መታጠብ አለበት። ፍጉን ደግሞ ከመግዛት በፊት ጎረቤት ጠይቁ። የእኛ የመጀመሪያ ፍግ ከሙስሊም ጎረቤታችን የፍየል ጋጣ የተጠረገ በጠጥ ነበር፤ «ከምጥለው ውሰዱት» ብለው ሰጡን፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ከመደቡ ቃሪያ ቆርጠን ወሰድንላቸው። በጠጡ ትኩስ እንዳለ ከተጨመረ ሥሩን ያቃጥላል፤ ከጭድ፣ ከአመድና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር በጥላ ሥር ተከምሮ፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ ሦስት ወር ይቆይ።

እስካሁን የተናገርነው ግቢ ላለው ነው። ከአባሎቻችን መካከል ግን በአንድ ክፍል የሚከራዩ፣ የአከራያቸውን ግቢ ለመቆፈር የማይደፍሩ ብዙዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በዚሁ በደሴ መንገድ ከእኛ ወደ ሰሜን የምትገኘው አጣዬ ስትቃጠል ብዙ ቤተሰብ ከጓሮውም ከቤቱም ተነቅሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ የእኛኑ ከተማ ደርሶባታል። ከአጣዬ መጥተው ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች በአንዷ ሰፈር አንድ ክፍል የተከራዩ እናት አሉ። በራቸው ላይ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ቆሟል፤ ከላይም ከጎንም ጎመን ፈንድቶበታል። እንዴት እንዳሰቡት ስንጠይቃቸው «የሰው ግቢ አይቆፈር ልጆቼ፤ ከረጢቱ ግን የራሴ ነው» አሉን።

አሠራሩን ቁጭ ብለው አሳዩን። የ50 ኪሎ ከረጢት በደንብ ታጥቦ ይቆማል። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ፍግ ጋር ይቀላቀላል። ክዳኑም ሥሩም የተቆረጠ ቆርቆሮ በከረጢቱ መካከል ይቀመጥና በውስጡ ጠጠር፣ በዙሪያው አፈር ይሞላል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ወደ ላይ ይሳባል፤ እንደገና ይሞላል፤ እስከ አፉ ድረስ እንዲሁ ነው። በዚህ ዓይነት በመካከሉ የጠጠር ዓምድ ይቆማል፤ ውኃው በእርሱ ወርዶ ለታችኛውም ለላይኛውም ይዳረሳል። ጎኑ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በቢላዋ ይበሳና ችግኝ ይሰካበታል። ከ15 እስከ 20 ሥር ይይዛል፤ በቀን ከ5 እስከ 7 ሊትር ይበቃዋል። የጧት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ የከሰዓቱ የማይመታው ቦታ ይምረጡለት። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ወይም ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለምግብ ነገር አይነካም።

ኋላ አከራያቸው ክፍሉን ፈልገው ሲያስለቅቋቸው ዕቃ ልናግዛቸው ሄድን። ፍራሹና ድስቱ ገና ደጅ ላይ ሳለ ጋሪው ላይ በመጀመሪያ እንዲጫን ያዘዙት ያንን ከረጢት ነበር። ለአራት አነሣነው፤ ሁለት ችግኝ ብቻ ተሰበረብን።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ፣ በምዕራፍ 29፣ ከሚያዝዛቸው ነገሮች አንዱ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ መሆኑን ሁላችንም አንብበናል። ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አልተፈቀደላቸውም። ይህን ምዕራፍ በጥናት ጊዜ ስናልፈው ስለ ሩቅ ዘመን የሚናገር ይመስለን ነበር። ከዚያች ጋሪ በኋላ ግን እንደዚያ አልመሰለንም።

ስለ አበባ ጥቂት እንበል። «በጠፋ ውኃ አበባ ምን ያደርጋል?» ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልብስ የታጠበበት ውኃ ለጎመን አይሆንም ብለናል፤ እንግዲህ የአበባው ድርሻ እርሱ ነው። ቡገንቪሊያ ከአንድ ቁራጭ ቅርንጫፍ ይጸድቃል፤ ከጠና በኋላ የቆላውን ፀሐይ የሚችል፣ እሾሁም ለአጥር የሚሆን ነው። ጽጌረዳ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ተተክላ ግድግዳ ጥላ ሥር ትኖራለች፤ የጀሪካኑን ሥር መብሳት አይረሳ። የሱፍ አበባ ከአንድ እፍኝ ዘር ይወጣል፤ ዘሩም ለጾም ሱፍ ፍትፍት ይሆናል። በሶብላ ለእመቤታችን ሥዕል ፊት ባይመረጥም ለሽሮውና ለበርበሬው፣ ለንቦቹም ይሆናል። ንብ ከሌለ ዱባው ወንድና ሴት አበባ አውጥቶ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ባለፈው ዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ወደ ማኅሌት የሄድነው በገዛ እጃችን ካበቀልነው ጽጌረዳ ሦስት ዘንግ ይዘን ነው። ሦስት ብቻ ነበር፤ አራተኛውን ዶሮ በላው።

ለእኅቶችና ለእናቶች፣ ወጥ ለሚሠሩ ወንድሞችም፣ አንድ የወጥ ቤት ነገር ቀርቷል። ጎመንን ብዙ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ጥቅሙን አብሮ መድፋት ነው፤ በጥቂት ውኃና ዘይት ፈጥኖ ማብሰል ይሻላል። በቅጠሉ ያለው ብረት ለደም የሚጠቅመው ከጥሬ ቃሪያ ወይም ከሎሚ ጋር ሲበላ ይበልጥ ነው፤ ጎመንን በቃሪያ የማቅረብ የቆየ ልማዳችን ትክክል ነበር ማለት ነው። ቡናውና ሻዩ ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው፤ ብረቱን ይይዙታልና። ቡና ለምትወድ እናት ይህን መንገር ከባድ መሆኑን እናውቃለን።

በዚህ ዓመት ቀድሞ ያበበውን ሳይሆን ዘግይቶ ያበበውን ጎመን መርጠን ለዘር አስቀርተናል፤ የቃሪያና የበሶብላም ዘር አለ። ከእሑድ መዝሙር ጥናት በኋላ ለፈለገ ሁሉ አንድ የሻይ ማንኪያ የጎመን ዘር ይሰጣል፤ ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፤ በዓመቱ ሁለት ማንኪያ ይመልሳል። ለመያዣ ባዶ የክብሪት ቀፎ ይዛችሁ ኑ። ከረጢት መሙላት ለመለማመድ የምትፈልጉም አሮጌ ቆርቆሮ አትርሱ፤ ጠጠሩን እኛ ከሮቢ አምጥተናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።